የሕዝብ ግንኙነት የሚማሩ ልጆቻችን ጦማር መጻፍን ስለ ምን ይማሩ?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ትልቁን መንገድ የያዘ መንገደኛ አስቀድሞ ዳንግላን፥ ቀጥሎ አዲስ ቅዳምን፥ ከዚያም እንጅባራን ያገኛል። ከእነዚህ ከተሞች በመጀመሪያይቱ በዳንግላ የሚኖሩ፥ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ ወዳጅ አሉኝ። ሴት ልጃቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ልከዋታል፤ የምትማረውም የሕዝብ ግንኙነት የሚባለውን ሙያ ነው። ልጂቱ ለዕረፍት ወደ ቤትዋ በተመለሰች ጊዜ፥ «መምህራችን እያንዳንዳችን በየስማችን ጦማር ከፍተን በየሳምንቱ እንድንጽፍ አዘውናል» ብላ ብትነግራቸው፥ የአባትየው ፊት ጠቈረ። «ልጄ፥ እኔ የላክሁሽ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን ሙያ ተምረሽ እንድትመጪ ነው እንጂ በአደባባይ ወሬ እንድትጽፊ አይደለም» አሏት። እርስዋም አባትዋን አክብራ ዝም አለች። ወዳጄ ግን ነገሩ ከልባቸው አልወጣ ስላለ፥ በተገናኘን ጊዜ ጉዳዩን አጫወቱኝና «እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

በዚያን ቀን የሰጠኋቸው መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበረ። ይህን የመሰለ ክርክር በብዙ ቤት እንደሚነሣ አውቃለሁና፥ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ አስፋፍቼ ልጽፈው ወደድሁ። አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሳትሰሙ እንዳትፈርዱብኝ እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንናገር። ፈረንጆች ይህን የመሰለውን ጽሑፍ በእነርሱ አቈጣጠር በ1997 ዓመት «ዌብሎግ» ብለው ሰየሙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አሳጠሩትና «ብሎግ» አሉት። ሎግ ማለት የመርከብ አለቃ የየዕለቱን ጕዞ የሚጽፍበት መዝገብ ነው። ያገራችን ጸሓፊዎች ግን የመርከቡን መዝገብ ትተው ከግእዝ «ጦማር» የሚለውን ቃል አነሡ፤ ትርጓሜውም ደብዳቤ፥ መልእክት ማለት ነው። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ድርሰቶች አንዱ ተብሎ የሚቈጠረው «ጦማረ ትስብእት» የተሰኘው መጽሐፍ በዚሁ ቃል የተጠራ ነው። እንግዲህ የሚጽፈው ሰው ጦማሪ፥ ሥራውም ጡመራ ተባለ። እኔ በበኩሌ የእኛን ምርጫ ከፈረንጆቹ አስበልጬ አየዋለሁ። መዝገብ ተጽፎ ይዘጋል፤ ደብዳቤ ግን ላኪና ተቀባይ አለው፥ መልስም ይጠበቅበታል። በዚህ ጽሑፍ ልናገረው የምፈልገው ነገር ሁሉ በዚህች በመልሲቱ ላይ የተመሠረተ ነው።

አሠራሩም የተወሳሰበ አይደለም። አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ የራሱ የሆነ ስፍራ ይይዛል፤ በስሙ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ጽሑፍ የተጻፈበት ቀን ይመለከትበታል፤ አዲሱ ከላይ ይሆናል፥ የቀደመውም ሳይጠፋ ከሥሩ ይቈያል። ያነበበ ሰው ደግሞ ከጽሑፉ ግርጌ አሳቡን ይጽፋል፤ ጦማሪውም ይመልስለታል። ማተሚያ ቤት አያስፈልገውም፥ ወረቀትም አይገዛም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ ነው የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ የጋዜጣ ማተሚያ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ፥ ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ጊላ ማርያም አሳባቸውንና ያገሩን ወሬ በእጅ እየጻፉ ለአዲስ አበባ ሰዎች ያድሉ ነበረ። «አእምሮ» የተባለውም ጋዜጣ በመጀመሪያ ጊዜ አንድሬያስ ካቫድያስ በሚባል የግሪክ ሰው እጅ እየተጻፈ፥ በ24 ቅጅ ብቻ ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ ይሰጥ ነበረ። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ስንት ብዕር እንደ ደከመ ማሰብ ነው። ሃያ አራት አንባቢ ይዞ የተነሣውን ጽሑፍ ዛሬ በክብር የምናነሣው ከሆነ፥ ሃያ አራት አንባቢ ያላትን የአንዲት ተማሪ ጦማር ስለ ምን እንንቃለን?

አሁን ወደ ሙያው እንምጣ። ብዙ ሰው የሕዝብ ግንኙነት ማለት የመሥሪያ ቤቱን ቃል ለሕዝብ ማሰማት ይመስለዋል። ይህ የሥራው እኵሌታ ነው፤ ለእርሱም የቈየ ምሳሌ አለን። በገበያ ቀን ነጋሪት ይጐሰማል፥ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ያሰማል፥ የሰማው ላልሰማው ይነግራል። ነጋሪቱ ግን ጆሮ የለውም። ስለዚህ አባቶቻችን ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ይኸውም አዋቂ የሆነ ገዥ «እረኛ ምን አለ?» እያለ ይጠይቅ ነበረ። እረኛው በዜማው፥ አዝማሪው በግጥሙ፥ ሴቲቱ በወፍጮዋ ላይ ሆና በእንጕርጕሮዋ የምትለውን የሚያመጣለት ሰው ነበረው። ነጋሪቱና እረኛው፥ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የሕዝብ ግንኙነት ይባላል። በየመሥሪያ ቤቱ ስመለከት ነጋሪቱን የሚጐስም አላጣሁም፤ የእረኛውን ቃል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በውጭ አገርም ይህ ሙያ በስሙ ከተጠራ ብዙ ዘመን አይሆነውም። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1906 ዓመት በአሜሪካ አገር በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ አንድ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ብዙ ሰው በሞተ ጊዜ፥ የባቡሩ ኩባንያ አማካሪ የነበረው አይቪ ሊ ነገሩን ከመደበቅ ይልቅ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ለጋዜጠኞች ሰጠ፤ ወደ ስፍራውም ወስዶ አሳያቸው። ከዚያ ወዲህ ለጋዜጣ የሚሰጥ መግለጫ የሚባለው ነገር ተለመደ። በጊዜው ትልቅ ነገር ነበረ። እንዲህም ቢሆን መግለጫ የተጻፈው ለጋዜጠኛ ነው፤ ጋዜጠኛው ለሕዝብ ያስተላልፈዋል፥ ሕዝቡም አንብቦ ያልፋል። ጡመራ የመጣው ይህን መካከለኛ አስቀርቶ ጸሓፊውንና አንባቢውን ፊት ለፊት ለማገናኘት ነው። የመግለጫ አጻጻፍ ብቻ የተማረ ልጅ ሕዝቡ ፊት ለፊት በመጣበት ጊዜ ምን እንደሚመልስ አያውቅም።

ወዳጄ በሚኖሩበት በዳንግላ ከተማ አንድ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስላ ነበረ። ሜጀር ቺዝማን የሚባለው ሰው በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዚያ ቆንስል ሆኖ ተቀመጠ። ከሥራው ጋር እያስተባበረ በበቅሎና በእግር የዓባይን ሸለቆ እየተከተለ፥ ገና በካርታ ያልገባውን ስፍራ እየለካ ሲመዘግብ፥ የጣናንም ደሴቶችና አብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ሲያይ ኖረ፤ ያየውንም ሁሉ በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ባሳተመው መጽሐፍ ጻፈው። ከእርሱ በፊት ከአዊ አጠገብ ባለው በሰከላ፥ በግሽ ዓባይ፥ በ1618 ጴጥሮስ ጳኤዝ፥ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ አይተው ስለ አገሩና ስለ አገው ሕዝብ ጽፈዋል። በኋላም የአዊን ቋንቋ ሰዋስው ለዓለም ሊቃውንት ያስታወቀው ሮበርት ሄትስሮን ነው፤ መጽሐፉን ያወጣው በ1969 ነው።

እነዚህን ሰዎች የማነሣው ልነቅፋቸው አይደለም፤ ደክመው ጽፈዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ቺዝማን በዳንግላ በተቀመጠባቸው ዓመታት በዚያው ከተማ የሚኖሩ ሽማግሎች፥ ዳኞች፥ ነጋድራሶች፥ ካህናት ነበሩ። አገሩን ከእርሱ ይልቅ ያውቁት ነበረ። ዛሬ ስለዚያ ዘመን ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ግን የሚያነበው የቆንስሉን መጽሐፍ ነው። የአገሩን ነገር አገሩን የሚያውቀው ሰው ካልጻፈው፥ ያልፍ ያገድም የነበረው ሰው የጻፈው ይጸናል። ይህን ለወዳጄ ብነግራቸው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «እኛ ቤት አያቴ ያን ፈረንጅ ያውቁት ነበረ» አሉኝ። አያታቸው ስለ ቆንስሉ ምን ይሉ እንደ ነበረ ብጠይቃቸው ግን አላስታወሱም።

ያለፈው አለፈ እንበል። ዛሬስ እንደ ምን ነው? የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ሰባት ቤት የሚባሉትም አንከሻ፥ አዘና፥ ባንጃ፥ ጫራ፥ ኳኵራ፥ መተከልና ዚገም ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉ ሲከበር በብዙ ሺህ የሚቈጠር ፈረስ በአንድ ሜዳ ላይ ይታያል። በዚህ በዓል ማግሥት በየመሥሪያ ቤቱ የሚወጣውን ጽሑፍ አንብቤ አውቃለሁ። የመጡት የክብር እንግዶች ስም በየማዕረጋቸው ይዘረዘራል፤ «በዓሉ በደማቅ ሁኔታ ተከበረ» ይባላል፤ ባህልን መጠበቅ እንደሚገባ አንድ ኀላፊ አሳሰቡ ይባላል፤ አለቀ። ባለፈው ዓመት የወጣውን ቀኑን ለውጦ ቢያወጡት የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

አንዲት ጦማሪ ግን በዚያ ሜዳ ላይ ብትቆም የምታየው ሌላ ነው። ስለ ግላሱና ስለ መጣብሩ፥ ማን እንደሚሠራውና ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ትጠይቃለች። ፈረሱ ለሠርግና ለልቅሶ እንደ ምን እንደሚወጣ፥ አባል የሆነ ሰው ቢሞት ማኅበሩ ምን እንደሚያደርግ፥ የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ ሽማግሎቹ እንደ ምን እንደሚቀመጡ ትጽፋለች። ፈረስ ለማቈየት የግጦሽ መሬት ያነሰው ገበሬ ምን እንዳሰበ ትሰማለች። ይህን በጻፈች ጊዜ ከግርጌው የቻግኒው ሰው «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» ብሎ ይጽፍላታል፤ በውጭ አገር የሚኖረው የባንጃ ልጅ የአባቱን ፈረስ ስም ያነሣል። እርስዋም ከዚህ ሁሉ የቱ እንደሚበልጥ፥ የቱ እንደሚጣራ ትለያለች። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ የሚሠራው ይህን አይደለምን? ይህንም ከመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም፤ ዋና ከወንዝ ዳር ሆኖ እንደማይማሩት ያለ ነው።

የፈረሱ ነገር የክብርና የደስታ ነው። የሚቀጥለው ግን የእንጀራ ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልናገር። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ዋና ከተማው አዲስ ቅዳም በሆነው፥ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉትን የአውስትራሊያ ግራር ይተክላሉ። ችግኙን ከጤፍ ወይም ከስንዴ ጋር አንድ ላይ ወደ መሬት ያገቡታል፤ በመጀመሪያው ዓመት እህሉን ያጭዳሉ፤ በሁለተኛው በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብት ይሰበስባሉ፤ ዛፉ አራትና አምስት ዓመት ሲሆነው ቈርጠው ያከስሉታል፤ ከሰሉም እስከ አዲስ አበባ ድረስ በመኪና እየተጫነ ይሄዳል። ከዚያም መሬቱን እንደ ገና ያርሱታል። ኮምጣጣ ሆኖ እህል እንቢ ያለው አፈር ከዛፉ በኋላ የተሻለ እንደሚሰጥ ገበሬዎቹ ይናገራሉ። ከሰል ደን ያጠፋል ሲባል ለኖርን ሰዎች፥ ለከሰል ሲባል ደን የበዛበት ወረዳ አለ ቢሉን ተረት ይመስለናል፤ ነገር ግን ከሰማይ የተነሡት የሳተላይት ሥዕሎችም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው።

ኋላ ግን በቅርብ ዓመታት በዛፉ ላይ የዝገት በሽታ የሚሉት ደዌ ወረደበት። ፈንገስ ነው፤ ቅጠሉንና ለጋውን ቅርንጫፍ እየያዘ ዛፉን ያደክመዋል። እስቲ በዚህ ጊዜ ገበሬው ምን እንደሚጠይቅ አስቡ። ሳይደርስ ልቍረጠው ወይስ ልጠብቀው? ወደ ጎረቤት እርሻ ይተላለፋልን? ከብቴስ ከሥሩ ያለውን ሣር ቢበላ ይታመማልን? በዚህ ጥያቄ ላይ ከሦስት ሳምንት በኋላ «ችግሩን ለመፍታት በቅንጅት እየተሠራ ነው» የሚል መግለጫ ቢደርሰው ምን ይጠቅመዋል? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ነገር ግን ገበሬው ዛፉን የሚቈርጠው ወይም የሚተወው ዛሬ ነው። አንድ የወረዳ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ በየሳምንቱ የሚጽፍበት ጦማር ቢኖረው፥ የደን ባለሙያው የሚያውቀውን በሚያውቀው መጠን ያስታውቃል፤ ገና ያልታወቀውን ገና አልታወቀም ይላል፤ በየቀበሌው የሚታየውን ከገበሬዎቹ ልጆች ይሰማል። ልጆቹ በስልካቸው አንብበው ለአባቶቻቸው በቤት ውስጥ ይነግራሉና። በኋላም ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ በሽታ ቢመጣ፥ በዚያን ጊዜ ምን እንደ ተደረገ ከነቀኑ ተጽፎ ይገኛል።

አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «ብሎግ ያረጀ ነገር ነው፤ አሁን ፌስቡክና ቴሌግራም አለ» ይለኛል። እውነት ነው፥ በየዞኑና በየወረዳው ያሉ ጽሕፈት ቤቶች ዛሬ የሚጽፉት በፌስቡክ ላይ ነው፤ ሕዝቡም ያለው በዚያ ነው። እኔም ተዉት አልልም። ነገር ግን በዚያ የተጻፈ ነገር እንደ ክረምት ጐርፍ ነው፤ የዛሬው የትናንቱን ይዞት ይሄዳል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈውን ልፈልግ ቢሉ መከራ ነው። ጦማር ግን እንደ ጕድጓድ ውኃ በስፍራው ይቈያል። ዲያቆን ዳንኤል ክብረት በጦማራቸው ላይ ያወጧቸውን ወጎች ሰብስበው መጻሕፍት አድርገው ማሳተም የቻሉት ጽሑፉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ስለ ቈየላቸው ነው። ከዚህም ሌላ በጦማር ላይ የሚጽፍ ልጅ አንድ አሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድን ይለምዳል፤ በሦስት መስመርና በአንድ ፎቶግራፍ የለመደ እጅ ግን ረዘም ያለ ነገር ሲጠየቅ ይርድበታል። ይህን በየመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ ያውቀዋል።

የወዳጄ ፍርሀት ግን በእውነቱ ከዚህ የተለየ ነበረ፤ ብዙ ወላጅም ይፈራዋል እንጂ በግልጥ አይናገረውም። በ2004 ዓ.ም. ጥቂት ወጣቶች «ዞን 9» የተባለ ጦማር ከፈቱ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ተያዙ፤ በፀረ ሽብር ሕግም ተከሰሱ። ከመካከላቸው አንዱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበረ። ከጋዜጠኞቹና ከጦማሪዎቹ አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተነሥቶ ተፈቱ፤ የቀሩትንም ጦማሪዎች ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክስ ነጻ አላቸው። ከዓመት በላይ በእስር ቤት የቈየ የሰው ልጅ ወላጆች ምን እንደሚሰማቸው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ስለዚህ ወላጅ ቢፈራ አልፈርድበትም።

ነገር ግን ፍርሀቱ የሚያመጣው መልስ «አትማሪ» ሊሆን አይገባም። እንዲያውም የማይማረው ነው በስልኩ ላይ ያገኘውን ሳያጣራ የሚያስተላልፈው። በ2008 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ወጥቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185 ወጥቷል። ማናቸውም ሰው በኢንተርኔት ላይ ሲጽፍ እነዚህ ሕጎች ይመለከቱታል፤ ጦማሪ ቢባል ባይባል ለውጥ የለውም። በመምህር ፊት፥ ሕጉን እያነበበች፥ የጻፈችውን ሳታወጣ በፊት ሁለት ሰው እያሳየች የተማረች ልጅ፥ ብቻዋን በጨለማ ከምትጽፈው ይልቅ ከአደጋ የራቀች ናት። መምህራንም ይህን ክፍል ወደ ጎን ሳያደርጉ ቢያስተምሩት መልካም ነው። ጡመራን አስተምረው ሕጉን የማያስተምሩ ከሆነ፥ ወዳጄ መቈጣታቸው ትክክል ነው እላለሁ።

ሌላው አደጋ ከውጭ የሚመጣ ሳይሆን ከሙያው ከራሱ የሚወለድ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2006 ዓመት በአሜሪካ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመኪና ቤት እየተጓዙ፥ ዋልማርት በሚባለው ትልቅ ሱቅ ደጅ እያደሩ፥ የሚያገኙትን ሠራተኛ ሁሉ ደስተኛ ሆኖ እንዳገኙት በጦማር ላይ ይጽፉ ነበረ። በኋላ ሲመረመር ገንዘቡ የመጣው ለዋልማርት የሚቈረቈር ተብሎ በተቋቋመ ማኅበር በኩል ነው፤ ማኅበሩንም ያቋቋመው ኤደልማን የሚባል ስመ ጥር የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ሆኖ ተገኘ። የድርጅቱ አለቃ በራሱ ጦማር ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ጽሑፉ ሁሉ ሐሰት ነበረ ማለት አይደለም፤ ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ጥፋቱ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ መደበቁ ነው። በዚያው ዘመን በማይክሮሶፍት ኩባንያ ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው ሮበርት ስኮብል ግን የማን ሠራተኛ እንደ ሆነ ገልጦ፥ ኩባንያውን ሲያመሰግን ሲነቅፍም ይጽፍ ነበረ፤ ነቀፋው ስለሚታይ ምስጋናውም ይታመንለት ነበረ። ያገራችን መሥሪያ ቤቶች እስከዚህ ድረስ ይታገሣሉ ብዬ አልዋሽም። ቢሆንም ተማሪዎቻችን ሁለቱን ምሳሌዎች ጎን ለጎን አይተው ቢመረቁ መልካም ነው፤ በሐሰት ስም የሚያመሰግን ጽሑፍ በእኛም አገር እንግዳ አይደለምና።

የቋንቋውንም ነገር ሳላነሣ አላልፍም። አዊኛ ዛሬ ልጆች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማሩበት፥ በክልሉም ራዲዮ የሚነገርበት ቋንቋ ነው። ነገር ግን በአደባባይ ተጽፎ የሚነበበው ጽሑፍ ጥቂት ነው። ጦማር ለመክፈት የፊደል ቀራጭ ወይም የማተሚያ ቤት ባለቤት አይጠየቅምና፥ አንዲት የአዊ ልጅ አንድ ሳምንት በአማርኛ፥ አንድ ሳምንት በአዊኛ ብትጽፍ ማን ይከለክላታል? የገጠሩን ሕዝብ ለማናገር የተሾመ ሠራተኛ በሚያልምበት ቋንቋ መጻፍ ካልቻለ ሹመቱ ጐደሎ ነው። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በደጃቸው ስላለ፥ ጽሑፉን አይቶ የሚያርም ሊቅ አይጠፋም።

«ኢንተርኔቱ ሲጠፋስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። በዚያን ጊዜ ማንም አልጦመረም። ሆኖም የጡመራ ልማድ ያለው ሰው በደብተር ይጽፋል፤ ቀን ያደርግበታል፤ ያየውንና የሰማውን ይለያል፤ መንገዱ ሲከፈት ያወጣዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ዕለት ኑሮው፥ ስለ ገበያው ዋጋ፥ ስለ ትምህርት ቤቱ በደብተር የጻፈ ስንት ሰው ይኖር ይሆን? የሚበዙ አይመስለኝም፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ለወዳጄ በመጨረሻ የነገርኋቸው ይህን ነው። ልጂቱ ትጻፍ፤ ነገር ግን በስምዋ ትጻፍ፤ ፎቶግራፍ ያነሣችውን ሰው ፈቃድ ትጠይቅ፤ ለመሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትጽፍ በሆነ ጊዜ ደግሞ ይህንኑ ትግለጥ፤ ስትሳሳት ስሕተቱን ሰርዛ በዝምታ አትለፍ፤ እርማቱን ከነቀኑ ከሥሩ ታስፍር። እርስዎም አባትዋ የመጀመሪያ አንባቢዋ ይሁኑ፤ ግን ሳንሱር አይሁኑባት። በዚህ በመጨረሻው ቃል ትንሽ ቅር አላቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስልክ ደወሉልኝ። ልጂቱ ስለ ፈረሰኞቹ ማኅበር ጽፋ ኖሮ፥ የተመሠረተበትን ዓመት 1923 ብላ አዛውራ አስቀምጣዋለች። «ቤት ጠርቼ ልገሥጻት አስቤ ነበረ» አሉኝ፤ «በኋላ ግን እርስዎ ያሉኝን አስቤ ከጽሑፉ ግርጌ በስሜ ‹1932 ነው› ብዬ ጻፍሁ። እርስዋም አመስግና አረመችው፤ ቀኑንም ጻፈችበት።» እኔም መልካም አደረጉ አልኋቸው። «መልካም አይደለም እንጂ» አሉኝ፤ «አሁን አንድ የማላውቀው የቻግኒ ሰው ከእኔ ጽሑፍ ሥር ገብቶ፥ ዓመቱን ካወቁት መሥራቾቹ እነማን እንደ ነበሩ ይንገሩን ይለኛል። እኔ የማውቀው የሦስቱን ነው። ልመልስለት ወይስ ሽማግሎቹን ጠይቄ ልቈይ?»